ጽዋው ከቤት ወጣ፤ ወደ ቤት ገባ

ነጠላ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ወር በገባ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔዓለም ማኅበርተኞች ከተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ይባርካል፤ ጽዋው ይቀመሳል። ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ይሄዳል።

ጽዋው አለ። ጽዋስ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ዕቃ ነው። አንድም ጽዋ ያለው ማኅበሩን ነው፤ «ዛሬ ጽዋ አለብኝ» የሚል ሰው ስለ ዕቃው መናገሩ አይደለምና። ሐተታ፤ ይህ የቅዱስ ቁርባኑ ጽዋ አይደለም። ያኛው ክብሩ ከመቅደስ ነው፤ ይህኛው ከመቅደስ የተገኘውን ፍቅር እስከ ጓዳ ያደርሳል።

ከቤት ወጣ አለ። ሰፊ ሳሎን ካለው ሰው ቤት ለምን አይቀመጥም ቢሉ፤ ከአንድ ቤት ቢቀር አንዱ ዘወትር ሰጪ፣ ሌላው ዘወትር ተቀባይ ይሆናል። ዘወትር የሚሰጥ ሳይታወቀው ጌታ ይሆናል፤ ዘወትር የሚቀበልም አንገቱን ይደፋል። አንድም በቆሮንቶስ የሆነው እንዳይደገም ነው። ታሪክ፤ በዚያ ከተማ የነበሩ ክርስቲያኖች ለጌታ እራት ሲሰበሰቡ ያለው ቀድሞ በልቶ ይሰክር፣ የሌለው ይራብ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 11 ገሥጿቸዋል። መሰብሰቡንስ አልተዉም፤ ተሰብስበው ለየብቻ መብላታቸው ነው ያስገሠጻቸው።

ወደ ቤት ገባ አለ። ፍሬው ከዚህ ላይ ነው። በጰራቅሊጦስ ዕለት 3000 ያህል ሰው ተጠመቀ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በየቀኑ በቤተ መቅደስ እየተጋ፣ እንጀራውን ግን በየቤቱ ይቆርስ እንደነበር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ተጽፏል። በአደባባይ የተወለደው እምነት ያደገው በማዕድ ዙሪያ ነው።

አንድም ማኅበሩ የማኅበርተኛውን ኑሮ እንዲያይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሁላችንም ነጠላ ለብሰን እንመሳሰላለን፤ የጎደለን የሚታየው ከቤታችን ነው። በልጅነቴ እናቴ ማኅበር ይዛኝ ትሄድ ነበር። አንድ ሐምሌ 12 ቀን ጽዋው ባሏ ከሞተ ዓመት ካልሞላት ሴት ቤት ገባ። ንፍሮውም ዳቦውም ጥቂት ነበር፤ ጠላው ቀጥኗል። ሴትዮዋ እየቀዳች፣ «ይቅር በሉኝ፣ አቅሜ ይኸው ነው» ትላለች። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጣሳውን እስከ ታች ጠጥተው፣ «ድገሚኝ እስቲ ልጄ» አሏት። ያን ጊዜ ፊቷ በራ። ከአልጋዋ ራስጌ ሳፋ ተቀምጦ ጣሪያው ጠብ፣ ጠብ ይልበት ነበር፤ ማንም ስለ እሱ ቃል አልተነፈሰም። በሳምንቱ ግን ማኅበርተኞቹ መጥተው ቆርቆሮውን ቀየሩላት። ከደጇ ቢመለሱ ኖሮ ሳፋውን ማን ያየው ነበር?

አንድም የተረኛው ሃይማኖት እንዲያድግ ነው። የተጣላ ሳይታረቅ ጽዋ አይቀምስም፤ እንግዲህ ባለ ተራው ወሩን ሙሉ ይጨነቃል፤ በአጥር የተቀያየመውን ጎረቤቱን ሽማግሌ ይልክበታል፣ የራቀውን የንስሐ አባቱን ይፈልጋል። ስብከት ያላስታረቀውን ሰው ተራው ሲያስታርቀው ደጋግሜ አይቻለሁ።

አንድም ቤት ያለው የቀረውን ሰው ቤት ነው፤ የታመመው ድርሻው ተከድኖ ይሄድለታልና።

አንድም ቤት ያለው ስደቱን ነው። በአሜሪካ በዓሉ በሥራ ቀን ሲውል ማኅበሩ ወደ ቅዳሜ ወይም ወደ እሑድ ይዞራል። በዋሽንግተን አካባቢ ጽዋው በመኪና የኋላ ወንበር ላይ እንደ ሕፃን ቀበቶ ታስሮለት ሲሄድ አይቻለሁ። ወዳጅ ዘመድ በሌለበት አገር ወር እየጠበቀ በር የሚያንኳኳ እሱ ነው።

ዛሬ ግን የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ድግሱ ጽዋውን እየዋጠው ነው። አንዷ ሁለት ወጥ ካቀረበች ተከታይዋ አራት ታቀርባለች፤ ለስላሳው በሣጥን ይደረደራል፤ ሥጋውም እንደ ሠርግ ነው። ይህን ያየ ድኻ «ተራዬ ሲደርስ ምን አቀርባለሁ?» ብሎ ድምፁን አጥፍቶ ከማኅበሩ ይወጣል። ወጪው በዝቶበት አንድ ሰው ከቀረ፣ የቀሩት የቱንም ያህል ቢዘምሩ ቆሮንቶስ ተመልሳ መጥታለች እላለሁ።

እናንት ሙሴዎች፣ እባካችሁ፣ ድግሱን በዳቦ፣ በንፍሮና በጠላ ወስኑት። «ቤቴ ጠባብ ነው» ብሎ የቀረውንም ሰው ደጁ ድረስ ሄዳችሁ ተራ ስጡት።