«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» በሸቤ ደጃፍ

«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚባለው ለባዳ ምቹ፣ ለቤተሰቡ ግን ኮስኳሳ የሆነ ሰው ነው። ቀጋ በሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ የሚባል የዱር ጽጌረዳ ነው። ፍሬውን እረኛ ይበላዋል፤ እሾሃም ስለሆነም ለአጥር ይሆናል። የምሳሌው ብርታት እዚህ ላይ ነው፦ አጥር ላይ ሊቆም የሚገባው እሾህ ቤት ገብቷል፤ ቤት ሊዘረጋ የሚገባው አልጋ ደጅ ወጥቷል።

አባባሉ ለሰው ጠባይ ቢነገርም፣ እጅ ያጠረው ቤተሰብ ደጃፉን ሊያድስ ሲነሣ ያው ጥያቄ ይመጣል። ጥቂቱ ብር ለማን ይውጣ? አልፎ አልፎ ለሚያየው እንግዳ ወይስ በየቀኑ ለሚረግጠው የቤት ሰው?

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የቡና አገር ሸቤ ጥያቄውን በዝናብ ትፈትነዋለች። የጅማ አካባቢ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል። በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው ከእግሩ ነው። ከክዳኑ የሚወርደው ውሃ መሬቱን መትቶ ሲፈናጠር ምርጊቱን ከሥር ይበላዋል፤ ደፉም በጭቃ ይሞላል። እንዲህ ባለው ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት ምሳሌው የሚነቅፈው ሥራ ራሱ ነው። ለበዓል የተቀባው ቀለም ከረጠበው ምርጊት ጋር ይረግፋል። እንግዳው አመስግኖ ሄዷል፤ ልጆቹ ግን በዚያው ጭቃ እያዳለጣቸው ይከርማሉ።

ስለዚህ ሥራው ከመሬት ይጀመራል። ከክዳኑ ጠርዝ ሥር ቦይ መቆፈር ከጉልበት በቀር ወጪ የለውም፤ ጠጠር ሲጨመርበት ፍንጥርጣሪው ይቀንሳል። ከደፉ ፊት ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል። ከሁሉ የሚከብደው ወጪ ታዛውን በቆርቆሮ ማስረዘም ነው። ነገር ግን በሩን፣ መቃኑንና ግድግዳውን አንድ ላይ ስለሚያድን፣ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ለዚህ ቢውል ይሻላል። የተጎዳው ግድግዳ ጭድ ገብቶበት ለቀናት በቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው በተነፋ አፈርና በእበት ይደፈናል። ኖራ የመጨረሻው ነው። ወቅቱ ኅዳርና ታኅሣሥ ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ምርጊቱ ይደርቃል፣ የቡናውም ገንዘብ እጅ ይገባል።

እስከዚህ ምሳሌው ልክ ነው። የቡና አገር ኑሮ ግን አንድ ቦታ ላይ ይረታዋል። ምሳሌው ቤትንና ውጭን ለይቶ ያስቀምጣል፤ በሸቤ ግን ደጁ የቤቱ ግማሽ ነው። የቡና ሰዎች «አልጋ» ሲሉ በእንጨት ቋሚ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የተዘረጋውን ማድረቂያም ማለታቸው ነው። ቀይ እሸቱ እዚያ ላይ ተገላብጦ ጀንፈል ይሆናል። ይህ የውጭ አልጋ ቤቱን የሚመግብ ነው። ጎረቤት ተጠርቶ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣው፣ ጫማ የሚወልቀው፣ የቡናው ጆንያ የሚቆመው በረንዳው ላይ ነው። ጅሬን ላይ ያለው፣ ከ1878 እስከ 1932 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንኳ የእንጨት ሰገነት አለው።

እንግዲህ ለውጭ ያወጡት ሁሉ ከቤት የተነጠቀ አይደለም። ለዚህ ጥሩ ማሳያ መደብ ነው። ከምርጊቱ በተረፈው ጭቃና በሜዳ ድንጋይ ከግድግዳው ጥግ ሲሠራ፣ ጠዋት እናት ቡና ትለቅምበታለች፤ ከሰዓት እንግዳ ይቀመጥበታል። ሰሌን ከተነጠፈበት ሌላ ጌጥ አይሻም። የዘንድሮው ገንዘብ ታዛውን፣ ደፉንና መደቡን ካስጨረሰ፣ ኖራው ለሚመጣው ኅዳር ቢቆይ ቤቱን የሚጎዳው ነገር የለም።