የኅዳር ስጦታና የነሐሴ ቅዳሴ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ካህኑ ዮዳሄ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በመሠዊያው አጠገብ ያኖረው ሣጥን በክዳኑ ላይ ቀዳዳ ነበረው (2ነገ. 12፥9)። ዛሬ በየአጥቢያችን ደጀ ሰላም የምናየው ሙዳየ ምጽዋት የዚያ ሣጥን ልጅ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሣጥኑ ከመበጀቱ በፊት የነበረው ነገር ግን በስብከት ላይ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ንጉሥ ኢዮአስ ካህናቱ ከሕዝቡ ገንዘብ ተቀብለው የቤተ መቅደሱን የፈረሰ ስፍራ እንዲያድሱ አዝዞ ነበር፤ ሆኖም በነገሠ እስከ ሃያ ሦስተኛው ዓመት ድረስ የፈረሰው እንደ ፈረሰ ቈየ። መጽሐፍ ካህናቱ ሰረቁ አይልም። እያንዳንዱ ከሚያውቀው ሰው እየተቀበለ ገንዘቡ በየእጁ ስለ ተበታተነ ሥራው ሳይሠራ ቀረ እንጂ። ሣጥኑ ከተበጀ በኋላ ብሩ በበዛ ቍጥር የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት እየመጡ ቈጥረው በከረጢት ያስሩት ጀመር፤ ያን ጊዜ አናጢውም ግንበኛውም ደመወዙን አገኘ፤ ቤቱም ታደሰ።

በዚያው ምዕራፍ፥ ገንዘቡን ለሠራተኞች የሚያከፋፍሉት ሰዎች ታማኞች ስለ ነበሩ ሒሳብ አይጠየቁም ነበር ይላል። ይህን ቃል ይዘው «በቤተ ክርስቲያን ማን ማንን ይቈጣጠራል?» የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ነገር ግን ያ ምስክርነት የመጣው ገንዘቡ ሁለት ሰዎች ባሉበት ከተቈጠረ፥ ልኩም ከታወቀ በኋላ መሆኑን ልብ አይሉም። ያልተቈጠረን ገንዘብ በታማኝነት ጠበቅሁ ማለት ለማንም አይቻልም፤ ታማኙ ራሱ ቢሆን በምን ያስመሰክራል?

ይህን ያነሣነው ስለ አገራችን አጥቢያዎች፥ ይልቁንም በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ስላሉት ለመናገር ነው። ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የምትተዳደረው በአብዛኛው በመሬቷ ነበር። ካህኑም ዲያቆኑም የሚያገለግሉበት መሬት ነበራቸውና ወርኀዊ ደመወዝ የሚባለው ነገር በብዙ ስፍራ አይታወቅም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የመንግሥት ሲሆን፥ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወርም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፥ ያ ሁሉ በአንድ ዓመት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምትኖረው ምእመናን በሚዘረጉት እጅ ነው። የእግዚአብሔር ቸርነት ሆኖ፥ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዐዋዲ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ ተቋቁሞ ነበር። ካህናት፥ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት ተቀምጠው የአጥቢያቸውን ገቢና ወጪ የሚመለከቱበት ይህ ሥርዓት ባይቀድም ኖሮ ብዙ ደጀ ሰላም በተዘጋ ነበር ብንል ማጋነን አይመስለንም።

እንግዲህ ወደ ቡናው አገር እንምጣ። በጊንጆ ጉዱሩ የሚኖር የጅማ ከተማ ምእመን ነጋዴም ይሁን ደመወዝተኛ፥ በአጋሮና በሊሙ ገነት ያለውም ገበሬ፥ የገበያው ኑሮ በቡናው ይወጣል በቡናው ይወርዳል። ቀይ እሸት የሚለቀመው፥ ጀንፈሉ በአልጋ ላይ የሚሰጣው፥ ነጋዴውም በፈረሱላ እየመዘነ የሚገዛው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ስእለቱ የሚገባው፥ ዣንጥላው በክብረ በዓል ቀን ተዘርግቶ የሚሞላው፥ የዓመት ውዝፍ የአባልነት ክፍያም የሚከፈለው በዚያው ወራት ነው። ክረምት ሲገባ ግን ገበሬው ለልጁ ደብተርና ለቤቱ እህል የሚበደርበት ጊዜ ነውና ሙዳየ ምጽዋቱ ይቀላል።

ቤተ ክርስቲያን ግን በክረምት ሥራዋ አይቀልም። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ዕለት ዕለት ይቀደሳል፤ ሕፃናትና አረጋውያን ሳይቀሩ ለመቍረብ ይመጣሉ። ቅዳሴ ደግሞ በሁለት ቀሳውስትና በሦስት ዲያቆናት፥ ቢያንስ በአምስት ልዑካን የሚፈጸም ነው። በገጠር አጥቢያ እነዚህ አምስቱ እንኳ በጭንቅ ይሟላሉ። ከሦስቱ ዲያቆናት አንዱ የሰኔና የሐምሌ ደመወዙን አጥቶ እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ ቢሄድ በፍልሰታ መካከል ቅዳሴው ይቋረጣል። ለቍርባን ሲዘጋጅ የሰነበተው ምእመን በዝናብ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ሲያገኘው የዲያቆኑን መሄድ ያማርራል፤ በጥር ወር የነበረው የሒሳብ አያያዝ ግን ትዝ አይለውም።

ነገሩ በቍጥር ቢነገር ይገለጣል። አንድ አጥቢያ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሦስት ወራት 90 ሺህ ብር፥ በቀሩት ዘጠኝ ወራት ደግሞ በየወሩ 6 ሺህ ብር ያገኛል እንበል። ዓመታዊው 144 ሺህ ብር ይሆናል፤ ለአገልጋዮች፥ ለጧፍ፥ ለዕጣንና ለዘቢብ በወር 12 ሺህ ብር ያስፈልግ እንደ ሆነ ልክ ይበቃል። ይሁን እንጂ የሚበቃው ከሦስቱ ወራት ገቢ 54 ሺህ ብር ሳይነካ ከተቀመጠ ብቻ ነው። ሰበካ ጉባኤው በጥር ወር ሣጥኑ ሞልቶ አይቶ፥ በ40 ሺህ ብር አጥር ቢያስቀባና የድምፅ ማጉያ ቢገዛ፥ በእጁ 14 ሺህ ብር ይቀረዋል፤ በየካቲትና በመጋቢት የጐደለውን ይሞላበታል፤ በሚያዝያ ግን ደመወዝ መክፈል ያቅተዋል። ነሐሴ ገና አራት ወር ይቀረዋል። በዚህ ውስጥ ሌባ የለም፤ አጥሩም ድምፅ ማጉያውም በጎ ነገር ነው፤ ዲያቆኑ ግን ሄደ። የቡና ዛፍ ደግሞ አንድ ዓመት አብዝቶ ካፈራ በሚቀጥለው ይቀንሳልና፥ ዋጋውም በ1993ና በ1994 ዓ.ም. እንደ ሆነው በዓለም ገበያ ሊወድቅ ይችላልና፥ በበዛበት ዓመት ለሚቀጥለው ማቈየት የሰበካ ጉባኤው ፈንታ ነው። ዮሴፍ በግብፅ ጎተራ የሠራው በጥጋቡ ዓመታት ነበር።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ቅዱሳን ምጽዋት ሲጽፍ፥ እያንዳንዱ በየሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን እንደ ችሎታው ለይቶ እንዲያኖር፥ እርሱ ሲመጣም ገና መሰብሰብ እንዳይጀመር ያሳስባል (1ቆሮ. 16፥2)። ሐዋርያው የበዓል ቀን ግለትን ጠልቶ ሳይሆን፥ በየጊዜው የሚገባው ጥቂቱ ስጦታ ቤቱን ሳያቋርጥ እንደሚያቆም ስላወቀ ነው። በድምፅ ማጉያ ስሙ እየተጠራ አሥር ሺህ የሚሰጠው ባለጸጋ ይመስገን፤ ነገር ግን በወር በወር ክፍያዋን ይዛ መጥታ ደረሰኝ የምትቀበለውን እናት የሚያመሰግናት ባለመኖሩ ያሳዝናል። ሁለቱን ሳንቲም የጣለችውን መበለት ጌታ እንጂ ሌላ ሰው ልብ አላላትም ነበር።

በዓይነት ስለሚመጣው ስጦታ ጥቂት እንጨምር። ቡና በጆንያ ለስእለት ይመጣል። ምእመኑ ለነጋዴ ሲሸጥ ዓይኑን ከሚዛኑ አያነሣም፤ ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ ግን ጆንያውን በዕቃ ቤቱ በር ላይ አኑሮ ተሳልሞ ይሄዳል። ይህ እምነቱ ነው፤ እንግዲህ ሚዛኑን መመልከት የጽሕፈት ቤቱ ፈንታ ሆነ ማለት ነው። ዕዝራ ከባቢሎን ሲወጣ ወርቁንና ብሩን መዝኖ ለካህናቱ ሰጠ፤ ኢየሩሳሌም በደረሱ ጊዜም በአራተኛው ቀን እንደ ገና ተመዘነ፤ ቍጥሩና ሚዛኑ ተጻፈ (ዕዝ. 8፥33-34)። ከአጋሮ የተጫነ ቡና አዲስ አበባ ሲደርስ ዳግመኛ መመዘኑን የሚያውቅ ሕዝብ ይህ አይከብደውም። የስእለት ቡና በሁለት ሰዎች ፊት ይመዘን፤ ይጻፍ፤ በግልጥ ጨረታ ይሸጥ፤ ገዢው የሰበካ ጉባኤው አባል ከሆነ ግን ዋጋው ትክክለኛ ቢሆን እንኳ ሐሜት አይቀርምና ሌላ ገዢ ይፈለግ።

በዚህ ዘመን ደግሞ ገንዘብ በስልክ ይላካል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፥ ከጅማ ወጥተው በአዲስ አበባ የሚኖሩ ተወላጆች ለተጠመቁባት አጥቢያ በቅጽበት መላክ ችለዋል፤ በውጭ አገር ያሉትም በባንክ ይልካሉ። መልካም ነው። ነገር ግን ገንዘቡ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ እንጂ፥ «እኔ አደርሳለሁ» ባለ በአንድ በጎ ወጣት ስልክ ሊገባ አይገባም። ያ ወጣት እምነት የጐደለው ሆኖ አይደለም፤ ካህናቱ በኢዮአስ ዘመን ገንዘቡን በየእጃቸው በያዙት ጊዜ የሆነው እንዳይደገምበት ነው። ሐዋርያው ራሱ የተሰበሰበውን ስጦታ ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም ከቲቶ ጋር አብሮ እንዲሄድ አደረገ፤ ምክንያቱንም ሲናገር በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይኖር ነው አለ (2ቆሮ. 8፥18-21)። እንደ ጳውሎስ ያለ ሐዋርያ ምስክር ካስፈለገው የአጥቢያ ገንዘብ ያዥ ምስክር ተጠየቅሁ ብሎ ሊቀየም አይገባውም።

ስለዚህ ከጥር ወር የመጨረሻ እሑድ ቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ቆሞ ሦስት ነገር ብቻ ቢያነብ ይበቃል፤ ከኅዳር ጀምሮ የገባው ስንት እንደ ሆነ፥ የወጣው ስንት እንደ ሆነ፥ እስከ ጥቅምት ላሉት ወራት ለአገልጋዮች ደመወዝ ተለይቶ በባንክ የተቀመጠው ስንት እንደ ሆነ። ሦስተኛው ቍጥር ሲነበብ ከሁሉ ይልቅ የሚያደምጡት ዲያቆናቱ ናቸው፤ በነሐሴ ለመቈየትም ለመሄድም የሚወስኑት በዚያ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።