ጥላው ይከርከም እንጂ አይቆረጥ

ወገኖቼ፣ የሄርማታና የአካባቢዋ የቡና አገር ሰዎች፤ በየለቅሶ ቤቱና በየቡናው ዙሪያ ስለ ዳኞች የሚወራውን እሰማለሁ። «ቀጠሮ ማለቂያ የለውም፤ ገንዘብ ያለው ይረታል፤ አንድ ደፋር ሹም መጥቶ እነዚህን ዳኞች ጠራርጎ ባባረረልን» ትላላችሁ። ምሬታችሁን አልነቅፍም። አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት፣ ሰውን ከማጣቱ ይልቅ መበደሉ እንደሚያንገበግበው ቢያውቁ ነው። ምኞታችሁን ግን እፈራዋለሁ። ዛሬ ዳኛን በቁጣ ያባረረላችሁ ሹም፣ ነገ ለዳኛው «እንዲህ ፍረድ» ብሎ ያዝዝባችኋል።

ይህ በአገራችን ያልታየ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲወጡ አዘዙ። ተከሳሹ ከእስር በወጡበት ቅጽበት ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ትናንት ሚኒስትር የነበረን ሰው የዳኛ ቃል ካላስጣለው፣ በማሳው ድንበር የሚከራከረውን የቡና ገበሬ ማን ያስጥለዋል? የዳኛ ነጻነት የሚያስፈልገው ለጉልበተኛ አይደለም፤ ጉልበተኛ ለራሱ ያውቃል። የሚያስፈልገው ዘመድ ለሌለው ነው።

«እንግዲያ ዳኛ አይጠየቅ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይጠየቃል እንጂ! «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው ለንጉሥ ነው፤ ዳኛ ንጉሥ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 79 ሁለቱንም ነገር ባንድ ላይ አስቀምጦታል። ዳኛ ከሕግ በቀር በማንም አይመራም ይላል። ጡረታው ሳይደርስም ከፈቃዱ ውጭ አይነሳም፤ የሚነሳው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ የዲስፕሊን ጥፋት፣ ጉልህ የሥራ ችሎታ ማነስ ወይም ሥራ የማያሠራ ሕመም አግኝቶበት ሲወስን ነው። ያም ውሳኔ በምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ መጽደቅ አለበት፤ ለክልላችን ዳኞች ይህ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ ነው። መንገዱ ረጅም ሆነ ብላችሁ አትማረሩ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል።

እናንተ የቡና ሰዎች ናችሁና በምታውቁት ልንገራችሁ። ቡናችን ያለ ጥላ ፀሐይ ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ ዋንዛውን ከላዩ እናቆማለን። ጥላው ሲበዛ ደግሞ ቡናው ፍሬ ይነሳናል። ያን ጊዜ አስተዋይ ገበሬ ቅርንጫፉን አይቶ ይከረክማል፤ ተናዶ ግንዱን የጣለ ግን በበጋ ማሳውን ያጣል። የዳኛ ነጻነትም ለዳኛው ክብር የቆመ አይደለም፤ ከሥሩ ለተጠለለው ባለጉዳይ ነው። መከርከሙም ለዚያው ለባለጉዳዩ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለዩ። ዳኛው ሕጉን ተሳስቶ ከፈረደ፣ መድኃኒቱ ይግባኝ ነው፤ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለም ሰበር ሰሚ ችሎት አለ። በቅን ልብ በተሳሳተው ሁሉ ዳኛን ከወንበሩ ካወረድን፣ የሚተርፈን ፈሪ ዳኛ ነው፤ ፈሪ ደግሞ ሕጉን ትቶ የጌታውን ፊት ያያል። ዳኛው ጉቦ ከበላ፣ ለዘመዱ ካዳላ፣ መዝገብ እያወቀ ካጓተተ ግን ነገሩ ከስህተት አልፏል። ያን ጊዜ ዝም አትበሉ። ቀኑን፣ የመዝገቡን ቁጥር፣ ያያችሁትን ጽፋችሁ ለጉባኤው አቅርቡ። በወሬ ስም አታጥፉ፤ የንጹሑን ዳኛ ስም በሐሰት ያጎደፈ፣ ሌባውን በሕዝብ መሐል ደብቆታል።

ሹማምንትም ስሙ። ስልክ አንሥታችሁ «ያን ጉዳይ እይልን» ማለት ፍርድን መስረቅ ነው። አንድ ዳኛ ቢያጠፋ የቀሩትን ማስፈራራትም «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ነው። የጉባኤው አባላትም የሙያ ባልደረባችሁን ጥፋት አትሸፍኑ፤ እናንተ የሸፈናችሁትን ሌላው በዱላ ሊገልጠው ይመጣል።

አሁን ወደ ራሳችን። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን ልጆቻችንን እየሳቅን ያሳደግነው እኛ ነን። ያ ልጅ አድጎ ካባ ለብሶ ችሎት ሲቀመጥ፣ ከየት የተማረውን ንጽሕና እንጠብቅበታለን? በጉዳይ ገዳይ እጅ ብር የሚልከውስ ማን ነው? «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ይባላልና፣ ዛሬ ለእናንተ ስለ ብር የፈረደ፣ ነገ ብዙ ብር ላመጣው ይፈርድባችኋል።

እኛ ሽማግሎችም ከዚህ አናመልጥም። ክልሉ በ2013 ባወጣው አዋጅ የባህል ፍርድ ቤቶች ዕውቅና አግኝተዋል፤ እንግዲህ ወንበሩ ወደ እኛም መጥቷል። ከባለጠጋው ቤት ሰንጋ በልቶ በማግሥቱ ከደኻው ጋር ሊያስታርቅ የሚቀመጥ ሽማግሌ፣ የከተማውን ዳኛ ለመንቀፍ አፍ የለውም።

ልጆቼ፣ ስትረቱ ብቻ ፍርድ ቤቱን አታመስግኑ፤ ስትሸነፉ ብቻም አትርገሙት። ሐቀኛ ዳኛ ቢፈርድባችሁም አክብሩት፤ ሌባውን ቢፈርድላችሁም አጋልጡት። ይህን ማድረግ ስንችል ነው ፍትሕ ጎደለ ብለን ለመናገር የምንበቃው። ፈጣሪ ሰውን የማይፈራ ዳኛ፣ የማይደልል ባለጉዳይ፣ እጁን የሚሰበስብ ሹም ይስጠን። አሜን በሉ።