ጥፋቱ የማን ነው?

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 6 ቀን፥ ዓርብ ለቅዳሜ በሚያነጋው ሌሊት፥ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ያልሰማ የከተማ ሰው የለም። የባንኩ ሶፍትዌር በሚታደስበትና በሚመረመርበት ሰዓት ስሕተት ገባበትና፥ በሒሳቡ ገንዘብ የሌለው ሰው እንኳ ከመክፈያው መኪና ብር ማውጣት፥ በስልኩም ወደ ወዳጁ መላክ ተቻለው። ወሬው ይልቁንም በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ በረረ። አገልግሎቱ እስኪቋረጥ ድረስ ወደ 490 ሺህ የሚደርስ የገንዘብ ዝውውር ተፈጸመ፤ ያለ አግባብ የወጣውም ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደ ነበረ ባንኩ ገለጠ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም ነገሩ ከእድሳቱ ሥራ የመጣ እንጂ ከውጭ ጠላት ሰብሮ ገብቶ ያደረሰው እንዳልሆነ አስታወቀ።

የእርሱ ያልሆነውን ገንዘብ እያወቀ ስለ ወሰደው ሰው ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። «በሩ ክፍት ነበረ» ማለት ለቤቱ ባለቤት ወቀሳ ይሆናል እንጂ ለገባው ሰው መከላከያ አይሆነውም። አብዛኛውም ገንዘብ በዚያው ወር ተመልሷል። እኔን ለብዙ ቀን ያሳሰበኝ ሌላው ነው፤ ይኸውም፥ በሩ ተከፍቶ እንዲያድር ያደረገው ማን ነው? የሚለው ነው።

በዚያ ሰሞን እዚህ በደብረ ታቦር ከአንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ይህ ጥያቄ ተነሣ። አንዱ «የሚጠየቀውማ የጻፈው ነው» አለ። ሁለተኛው «የለም፥ ሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚጠብቀው ነው» አለ። ሦስተኛው ነገሩን ወደ አለቆቹ ወሰደው። በመጨረሻ አንድ የተከበሩ ነጋዴ «የኮምፒዩተር ጥፋት ነው፤ ሰው ምን ያድርግ» ብለው ዘጉት፤ የተቀመጠውም ሁሉ «እውነት ነው» አለ። እኔ ግን በልቤ አልተቀበልሁትም። በመጥረቢያ እግሩን የቈረጠ ሰው ቢኖር መጥረቢያው ንስሓ አይገባለትም። ኮምፒዩተርም የተጻፈለትን ያለ ድካምና ያለ ጥርጥር ይፈጽማል እንጂ «ይህን ማለትዎ ነውን?» ብሎ አይጠይቅም። በዚህም ከአገልጋይ ሁሉ የሚታዘዝ፥ ከአገልጋይም ሁሉ የሚያስፈራ ነው።

የዚህን ሙያ ነገር ያስረዳኝ በአዲስ አበባ በዚሁ ሥራ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ነው። እንደ ነገረኝ፥ አስቀድሞ ሶፍትዌር የሚጽፉት ሰዎች ለብቻቸው፥ ተጽፎ ያለቀውን በሰርቨር ላይ አኑረው ሌሊትና ቀን የሚጠብቁት ደግሞ ለብቻቸው ነበሩ። ጸሓፊው «እኔ ጨርሻለሁ» ይላል፤ ጠባቂው «ያመጣችሁብኝ እናንተ ናችሁ» ይላል። በሁለቱ መካከል የወደቀውን ነገር የሚያነሣ አይገኝም። በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ፓትሪክ ደቡዋ የሚባል ሰው በቤልጅግ አገር በጌንት ከተማ የሁለቱን ወገን ሰዎች ሰብስቦ ጉባኤ አደረገ፤ የሠሪውንና የጠባቂውን ሥራ አንድ የሚያደርገው ልማድም ከዚያ ወዲህ ዴቭኦፕስ በሚባል ስም ታወቀ።

ልጁ ይህን እንደ አዲስ ነገር ሲነግረኝ እኔ አሳቤ ወደ ጋፋት ሄደ። አንባቢ ሆይ፥ ጋፋት ከከተማችን አጠገብ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ዋልድማየርንና ዛልሙለርን፥ ሌሎችንም የአውሮፓ ሰዎች በዚያ አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩ አዘዙአቸው። መጀመሪያ የሞከሩት እምቢ አላቸው፤ ደጋግመው ግን ሠሩ፤ በመጨረሻም ሴባስቶፖል የተባለውን፥ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚደርሰውን መድፍ አወጡ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲነሡ መድፉን ብቻ ይዘው አልሄዱም፤ የሠሩትንም ሰዎች ከመድፉ ጋራ ወሰዱአቸው። ገደሉ እየተናደ፥ መንገዱ እየተጠረገ፥ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፥ ወደ ስድስት ወር የሚሆን ተጕዘው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። መድፉ ዛሬም በዚያው አለ። ይህን የጻፍሁት የሰዎቹን ግዞት ላመሰግን አይደለም፤ እነዚያ ሰዎች እንደ ልባቸው የሚሄዱ ነጻ ሰዎች አልነበሩም። ነገር ግን ያቀለጠው ሰው መንኰራኵሩ ሲሰበር በዓይኑ ማየቱ፥ ክብደቱንም በገደል አፋፍ ላይ ማወቁ፥ በጋፋት ተቀምጦ ከሚያገኘው ዕውቀት የተለየ መሆኑን ማን ይክዳል?

ወደ ልማዳቸው ልመለስ። ከሁሉ አስቀድመው የሚያደርጉት፥ የሚለወጠውን ነገር ሁሉ ማን፥ መቼ፥ ስለ ምን እንደ ለወጠው በመዝገብ መያዝ ነው። ለዚህ በብዛት የሚገለገሉበት ጊት የሚባለው መሣሪያ ሲሆን፥ የፊንላንድ ተወላጅ የሆነው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1997 ዓ.ም. የሠራው ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያነበው ወደ ሥራ አይገባም። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ራሱ ጽሑፉን በተሰናዱለት ፈተናዎች ይፈትነዋል፤ ያለፈው ብቻ ይሄዳል። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም የሚሄድ ሰው ዜማውንና ምልክቱን ከዚያ ቤት ጋራ ሳያስተካክል መምህር እንደማይባል ለሚያውቅ ሰው ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም። የምስጢር ቁልፍም በአንድ ሰው እጅ አይከማችም፤ ለእያንዳንዱ ለሥራው የሚበቃው ያህል ብቻ ይሰጠዋል። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለሁለት ለሦስት ሰው የሚያካፍሉ አጥቢያዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል።

መሣሪያ በራሱ እንዲሠራ ማድረግ የሰውን መርሳት ያርቃል። በሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. ናይት ካፒታል የተባለ የአሜሪካ የአክሲዮን ነጋዴ ድርጅት አዲስ ሶፍትዌር በስምንት ሰርቨሮች ላይ ሊያኖር ሲል ሰባቱ ታድሰው አንዱ ተረሳ። ያ የተረሳው በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ኪሣራ አመጣ። እነሆ፥ በእጅ የመሥራት ጕዳት ይህ ነው። ነገር ግን የመሣሪያው ፍጥነት ለጽድቅም ለኃጢአትም እኩል ነው። በሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ድርጅት አንድ የተሳሳተ እድሳት ለዓለም ሁሉ በአንድ ጊዜ ላከና 8 ሚሊዮን ከግማሽ የሚሆኑ ኮምፒዩተሮች ወደቁ፤ አውሮፕላኖች በየሜዳው ቀሩ፥ ሆስፒታሎችም ተቸገሩ። ሊጠብቅ የተቀጠረው ዘበኛ ቤቱን ዘጋው ማለት ነው። የፋርጣ ገበሬ አዲስ ዘር ሲያገኝ ማሳውን ሁሉ አይዘራበትም፤ በጓሮው ጥቂት ዘርቶ ክረምቱን ያየዋል። ዛሬ የሙያው ዐዋቂዎች ሁሉ ይህንኑ ይመክራሉ፤ ለጥቂቶች ላክ፥ ቆይተህ እይ፥ የምትመለስበትንም መንገድ አስቀድመህ አዘጋጅ ይላሉ።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። እነዚህ ሰዎች ጥፋት በደረሰ ጊዜ ለምርመራ ሲቀመጡ «ማን አደረገው?» ብለው መጠየቅን ይከለክላሉ፤ «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብለው ብቻ ይጠይቃሉ። በጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ጊትላብ በሚባለው ድርጅት አንድ የደከመው ሠራተኛ ሌሊት ሌላ መዝገብ የሚያጠፋ መስሎት ዋናውን አጠፋው፤ የስድስት ሰዓት ያህል ሥራም ጠፍቶ ቀረ። ለመጠባበቂያ ከተዘጋጁት አምስት መንገዶች የሚታመን አንድም እንዳልተገኘ ድርጅቱ ራሱ ለዓለም ተናገረ፤ የሠራተኛውን ስም ግን አላወጣም።

መጀመሪያ ይህን ስሰማ ከፋኝ። ስም የሌለው ጥፋት የት ይወድቃል? አልሁ። የእኅቴ ልጅ ግን በራሱ የደረሰውን ነገረኝ። ቀድሞ በሠራበት ቤት አንድ ሌሊት በስሕተት የደንበኞችን መዝገብ ደመሰሰ፤ ወዲያውም ለአለቃው ደውሎ ተናገረ። በማግሥቱ በባልንጀሮቹ ፊት ተሰድቦ ደመወዙ ተቈረጠ። «ከዚያ ወዲያ የሆነውን ልንገርዎ፥ የኔታ» አለኝ፤ «በሌላ ጊዜ ባልንጀራዬ ተመሳሳይ ጥፋት አጠፋ። የእኔን አይቶ ነበርና ሦስት ቀን ደበቀው። በአንድ ሰዓት ይቃና የነበረው በሦስት ቀን የማይቃና ሆነ።» እኔም ዝም አልሁ፤ ምክንያቱም ደብቆ መኖር ምን እንደ ሆነ ዐውቃለሁ።

በቅኔ ቤት ሳለሁ፥ ዕድሜዬ ዐሥራ ስምንት ሳይሞላ፥ የግስ ደብተር ስገለብጥ የሁለት ግሶች ፍች ተቀያየረብኝ። ኀነቀ ላለው «ሠራ» ብዬ፥ ሐነጸ ላለው «አነቀ» ብዬ ጻፍሁ። ጽሕፈቴ መልካም ነው ይባል ነበርና አምስት ጓደኞቼ ከእኔ ደብተር ገለበጡ። ከጥቂት ቀን በኋላ በጧት ነገራ ጊዜ አንዱ ሰሎሞን ቤተ መቅደስን ኀነቀ ብሎ ቅኔውን አቀረበ፤ ቀጥሎ ሌላው እንዲሁ ኀነቀ አለ። ጉባኤው በሣቅ ወደቀ። መምህራችን ግን ማንንም አልተቈጡም። «አንድ ሰው ቢሳሳት የራሱ ነው፤ ብዙዎች አንድ ዓይነት ከተሳሳቱ ደብተሩ ነው» አሉና፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ደብተር በአስነጋሪው ፊት በቃል ሳይነበብ እንዳይገለበጥ አዘዙ። የማን ደብተር እንደ ሆነ አልጠየቁም። እኔም አልተናገርሁም።

ስለዚህ ፍርዴ ሁለት ፊት አለው። ያለ ስም መመርመር መልካም ነው፤ የመምህራችን ትእዛዝ ቤቱን ከብዙ ስሕተት አድኖታልና፤ ቢገርፉኝ ኖሮ አምስቱ ልጆች ከሌላ ሰው ደብተር ሌላ ስሕተት ይገለብጡ ነበር። የአንድ ሰው ጣት ብቻዋን ባንክ ልትከፍት ከቻለች፥ የሚጠየቀው ከጣቲቱ ይልቅ ያለ ፈታኝና ያለ ሁለተኛ አንባቢ እንድትሠራ የፈቀደው ሹም ነው። ሹመት ማለት ይህን መሸከም ስለ ሆነ፥ ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሦስተኛው ሰው ከሁሉ ይልቅ ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል። ነገር ግን ሌላው «ማን?» ብሎ አለመጠየቁ እኔን «እኔ ነኝ» ከማለት ነጻ አያወጣኝም። አለመጠየቅ የመርማሪው ደግነት ነው፤ መናገር ግን የአጥፊው ዕዳ ነው። የሙያው ሰዎች የመጀመሪያውን በመልካም ሥርዓት አጽንተውታል፤ ሁለተኛውን ሥርዓት ሊያጸናው አይችልም፤ ከሰውየው ይጠበቃል።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ንግሥ ወደ ጋይንት ሄጄ ከአምስቱ አንዱን አገኘሁት፤ ሸብቶ፥ ልጆችም አስተምሮ። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለን ያን ነገር አነሣሁና «ያ ደብተር የእኔ ነበረ» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ሣቀ። «የኔታ በዚያው ቀን ማታ ደብተሩን ከእኔ ተቀብለው አይተውት ነበር» አለኝ፤ «የአንተን ጽሕፈት ያጡታል ብለህ ነው? ራሱ መጥቶ ይነግረኛል ብለው ደጅ ደጁን ሲያዩ ሰነበቱ።»