ሙዳየ ምጽዋትና ሚዛን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሙዳየ ምጽዋት ተከፍቶ ሳንቲሙ ሲዘረገፍ፣ ቈጠራውን እንዲያግዙ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ወጣቶች ናቸው። ክምሩ ሲበዛ ግን «በጣሳ ስፈሩት» ወይም «መዝናችሁ ገምቱት» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ግምት የቱን ያህል ይታመናል?

ጣሳ ያታልላል። ሳንቲም ሲፈስስ በመካከሉ ክፍተት ይተዋል፤ ጣሳው ነቅነቅ ሲል ወደ ታች ይወርድና ሌላ ይጨምራል። ሚዛን ይሻላል። አንዱን ዓይነት ሳንቲም ለብቻው ለይቶ 100 ፍሬ መመዘን ነው። ለምሳሌ 100ው 400 ግራም ቢሆን፣ ከከረጢቱ ክብደት ሌላ 8 ኪሎ የመዘነው 2,000 ፍሬ ነው ማለት ነው።

ብልሃቱ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 38 እንደምናነበው፣ ለደብተራ ኦሪት ሥራ 603,550 ሰዎች ግማሽ ግማሽ ሰቅል ብር ሰጡ። ብሩ ሲመዘን 100 መክሊት ከ1,775 ሰቅል ሆነ። አንዱ መክሊት 3,000 ሰቅል ነውና ድምሩ 301,775 ሰቅል፣ ማለትም የሰጪዎቹ ቍጥር እኩሌታ ነው። ከክብደቱ ተነሥቶ የሰዎቹን ቍጥር ማወቅ የተቻለው ሁሉም እኩል ስለ ሰጡ ነው፤ ባለጠጋው እንዳይጨምር፣ ድኃውም እንዳያጎድል ታዝዞ ነበርና (ዘጸ. 30፥15)።

ዳሩ ግን ጌታችን በመዝገቡ ሣጥን አንጻር ተቀምጦ ሲመለከት፣ አንዲት ድኃ መበለት ሁለት የናስ ሳንቲሞች ጣለች (ማር. 12፥41-44)። ወደ ከረጢታችን እንመለስ። ሚዛኑ 20 ግራም ቢሳሳት 5 ፍሬ ይጠፋል። እኛም «ምንም አይደል፣ ገደማ ነው» ብለን እናልፈዋለን። የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲም ግን በዚያው «ገደማ» ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። እኛ ጥቂት ስሕተት ብለን የምንተወው፣ የአንዲት እናት ኑሮዋ ሁሉ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ሚዛኑን እንተወው? አይደለም። በንጉሡ በኢዮአስ ዘመን በቤተ መቅደሱ ሣጥን የተጠራቀመውን ብር የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው ይቈጥሩት ነበር። ለሠራተኞቹ ሲከፈል ብሩን የሚረከቡት ሰዎች ታማኞች ስለ ነበሩ ሒሳብ አልተጠየቁም (2ኛ ነገ. 12)። ታማኝ ሰው መኖሩ ግን ቈጠራውን አላስቀረውም።

እኛም እንዲሁ እናድርግ። ሁለት ሆነን አስቀድመን እንመዝን፤ ግምቱን በወረቀት እንጻፍ፤ ከዚያም ፍሬ በፍሬ በእጃችን እንቍጠር። ሁለቱ ካልተስማሙ እንደገና እንቍጠር እንጂ ቍጥሩን ለማስማማት አንሞክር። ግምቱ ቈጣሪውን ከሐሜት ይጠብቀዋል፤ ቈጠራው ደግሞ የድኃዪቱን ስጦታ ከመረሳት ያድነዋል። በጥቂቱ መታመንን ከሳንቲም እንጀምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።