ደለሉ የማይመሰክረው

እርሳስ ስንል ልጆቻችን የሚጽፉበትን ማለታችን አይደለም፤ የእርሱ ስሙ ነው እንጂ ውስጡ ግራፋይት ነው። የምናወራው ስለ ከባዱ መርዛማ ብረት ነው። ይህ ብረት በአየርና በጎርፍ ተጉዞ ባሕር ሲገባ ከጭቃ ጋር ይሰፍርና ደለል ሆኖ ይደራረባል። ሊቃውንትም ደለሉን በረጅም ቱቦ አውጥተው ሲመረምሩት የዘመናትን ሥራ ያነቡበታል።

ምንጩ እንዴት ይታወቃል? እርሳስ ክብደታቸው 204፣ 206፣ 207 እና 208 የሆኑ አራት ዓይነት አተሞች አሉት። ሦስቱ ዩራኒየምና ቶሪየም ሲፈራርሱ እየተጨመሩ ስለሚሄዱ፣ ድርሻቸው እንደ ማዕድኑ ዕድሜና አፈጣጠር ይለያያል። የአውስትራሊያው ብሮክን ሂል እርሳስ ከአሜሪካው ሚዙሪ እርሳስ የሚለየው በዚህ ነው። ቢያቀልጡትም ቢያቃጥሉትም ምልክቱ አይጠፋም። ሆኖም ምስክርነቱ ወሰን አለው፤ ሁለት ነጋዴዎች ከአንድ ማዕድን ከገዙ ደለሉ አይለያቸውም። የወጣበትን ጉድጓድ እንጂ ያፈሰሰውን እጅ አያውቅም።

በሮም አጠገብ የነበረው የጥንቱ የፖርቱስ ወደብ ደለል ተመርምሮ ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የከተማይቱ የቧንቧ ውሃ ከአካባቢው የምንጭ ውሃ 100 እጥፍ ያህል እርሳስ እንደ ነበረው፣ ያም ከቧንቧዎቹ እንደ መጣ ተረዱበት። በሌሎች ባሕሮች ደግሞ ወደ ላይ ያለው ደለል የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ቤንዚን ይናገራል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በደለሉ ዘንድ ሮማዊው ቧንቧ ሠሪና የቤንዚኑ ነጋዴ እኩል ናቸው። በፍርድስ?

ሥራ በኒያ እንደሚመዘን ገና በልጅነታችን ተምረናል። በ1924 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ይህን የቤንዚን ቅመም ሲሠሩ አምስት ሠራተኞች በመመረዝ አእምሯቸው ታውኮ ሞቱ። ሽያጩ በ1925 ቆመ፤ ሐኪሞች ቢያስጠነቅቁም በ1926 ቀጠለ። የመጨረሻዋ አገር አልጀሪያ በ2021 እስክታቆም ድረስ የስንቱ ሕፃን አእምሮ ተጎዳ! ያወቀና ያላወቀ እንዴት እኩል ይሆናል? (ሮማዊውም ቢሆን ፈጽሞ ንጹሕ ነው አልልም፤ ቪትሩቪየስ የተባለው የሕንፃ ሊቅ ከወደቡ መሠራት በፊት የሸክላ ቧንቧ ለጤና እንደሚሻል ጽፎ ነበር።)

ነገር ግን «አላወቅሁም» ማለት ከኃጢአት ያድን ይሆናል እንጂ ከካሣ አያድንም። በፊቅህ ሰው በስሕተት ከተገደለ ገዳዩ እንደ ሆን ብሎ ገዳይ አይቆጠርም፤ ዲያው ግን አይቀርም። ከዚህም በላይ ሸክሙ ለብቻው አይጣልበትም፤ ዓቂላ የተባሉት የአባት ወገን ዘመዶቹ ይካፈሉታል። ይህን ሥርዓት ለቤንዚኑ ጉዳይ ባስበው፣ በመኪናው የተጠቀመ ሁሉ ከወገኖቹ እንደ አንዱ ሆኖ ይታየኛል። ሳያውቅ የቀዳው ባለ መኪና ወንጀለኛ አይደለም፤ ከዕዳው ግን ድርሻ አለው። እያወቀ የሸጠው ደግሞ ዕዳም ወንጀልም አለበት፤ ለእርሱ ዓቂላ አይቆምለትም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ እንዳይመስለን። ወደብ ለማጥለቅ ደለል ሲቆፈር የተቀበረው እርሳስ ሊናወጥና ወደ ውሃው ሊመለስ ይችላል። ዕድሜውን ሙሉ መኪና ያልነበረው ዓሣ አጥማጅ መረቡን የሚጥለው እዚያው ውሃ ላይ ነው።