ሃምሳ ሎሚና አምስት ፊርማ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። የመተባበርን ጥቅም ለማስረዳት የሚነገር መልካም አባባል ነው። ግን ሎሚው የሕዝብ ገንዘብ፣ ሸክሙም በደል ቢሆንስ? ለአምስት ሲካፈሉት ይቀላልን?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ አንድ መምህር ወዳጄ ነው። በሚሠራበት ወረዳ ለትምህርት ቤት ዴስክ ሲገዛ የኮሚቴ አባል ሁን ተብሎ በደብዳቤ ተመደበ። ከሦስት ነጋዴዎች የዋጋ ማቅረቢያ፣ በተለምዶ «ፕሮፎርማ» የምንለው፣ ቀረበ። በሦስቱም ወረቀቶች ላይ አንዱ ቃል በአንድ ዓይነት ስሕተት ተጽፏል። ሦስቱም ከአንድ እጅ መውጣታቸውን ለማወቅ መምህር መሆን አያሻም። ቃለ ጉባኤው ግን አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አራቱ ፈርመዋል፣ እርሱም ፈረመ። ዴስኮቹ ዓመት ሳይሞላቸው ተሰባበሩ። «ለምን ፈረምክ?» ብዬ ብጠይቀው «እኔ ብቻ መሰልኩህ እንዴ? አምስት ሆነን እኮ ነው!» አለኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ኮሚቴ ለምን እንደተፈጠረ እናስታውስ። አንድ ሰው ብቻውን ቢገዛ ከሻጭ ጋር ሊመሳጠር ይችላል። ስለዚህም የግዥ ሕግ ሥራውን ለብዙ እጆች ያከፋፍላል። በፌዴራል ደረጃ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 649፣ በኋላም በ2016 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 1333 የመንግሥት ግዥ የሚመራበትን ሥርዓት ደንግገዋል፤ ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። የዕቃውን ዝርዝር የሚያወጣ አለ፣ ዋጋና ጥራቱን የሚገመግም አለ፣ ግዥውን የሚያጸድቅ አለ፣ ዕቃውን አይቶ በሞዴል 19 ገቢ የሚያደርግ አለ። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል ተብሎ ነው።

በተግባር የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ገምጋሚው «አጽዳቂዎቹ ያዩታል» ይላል። አጽዳቂው «ባለሙያዎች ገምግመውታል» ይላል። ንብረት ክፍሉ «ኮሚቴ የወሰነውን ተረከብኩ» ይላል። ኦዲተር ሲመጣ ፊርማው ሁሉ የተሟላ ነው፤ ጥፋተኛው ግን የለም። እንዳይሰረቅ የተደረደሩት ዓይኖች ለሌባው መጋረጃ ሆኑለት ማለት ነው።

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በዘመናቸው ብዙ ሰዎች ተባብረው አንድን ሰው የገደሉበት ጉዳይ ቀርቦላቸው ነበር። የየመኗ ሰንዓ ሕዝብ በሙሉ ቢተባበር ኖሮ ሁሉንም ይቀጡ እንደነበር መናገራቸው ተዘግቧል። በእርግጥ የዴስክ ግዥ ነፍስ ማጥፋት አይደለም። መሠረተ ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ የተባባሪው መብዛት የእያንዳንዱን ድርሻ አያሳንሰውም። አማና ተቆራርሶ አይሰጥም። አምስት ሰዎች ሲፈርሙ አንድ ኃላፊነት ለአምስት አልተከፈለም፤ አምስት ሙሉ ኃላፊነቶች ተፈጠሩ እንጂ።

«መምህሩ ምን ያድርግ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ኮሚቴውን ለምኖ አልገባበትም፣ አበል አልተከፈለውም፣ ስለ እንጨትና ብረት ጥራት ያስተማረው የለም። እምቢ ቢል ደግሞ ዝውውር ይጠብቀዋል፣ ልጆችም አሉት። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ያላወቀና የተታለለ ሰው አውቆ ከፈረመው ጋር እኩል አይጠየቅም። የመደበውና ያስፈራራው አለቃም ከእርሱ የበለጠ ይጠየቃል። ወዳጄ ግን አላወቅሁም አላለም፤ ስሕተቱን በዓይኑ አይቷል። ያልነበረው ዕውቀት ሳይሆን የሚያበረታታው ሌላ ድምፅ ነበር።

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አለች፤ በቃለ ጉባኤ ላይ የልዩነት ሐሳብን ማስፈር። «ሦስቱ ማቅረቢያዎች ተመሳሳይ ስሕተት ስላላቸው እንዲጣሩ ጠይቄአለሁ» የሚል አንድ መስመር። ግዥውን ላያስቆም ይችላል። ነገር ግን የጻፈውን ሰው ከተባባሪነት ያወጣል፣ ለኦዲተሩ መንገድ ያሳያል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተራውን እየጠበቀ ለተቀመጠው ሌላ ፈሪ ድፍረት ይሰጠዋል። አራቱም ሲፈርሙ አምስተኛውን ሲጠብቁ ነበር እንደሆነ ማን ያውቃል?

ነገሩ የወረዳ ብቻም አይደለም። በዕድራችን፣ በመስጊድ ኮሚቴያችን፣ በወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ስንቶቻችን ያላነበብነውን ፈርመናል? ስንቶቻችንስ አንብበን፣ ገብቶን፣ ሰው ላለማስቀየም ብለን ፈርመናል?

መሬት ላይ ተቀምጦ የሚማረው ሕፃን ዴስኩን የገዙት አምስት ይሁኑ አንድ አያውቅም። እርሱ የሚያውቀው ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መጻፉን ነው። ነገ በአላህ ፊት ስንቆምም የምንቆመው በኮሚቴ አይደለም፤ አንድ በአንድ ነው። ወላሁ አዕለም።